የክለብ ቤታችን ጣሪያ ያፈሳል፤ የሞተሩን መጠባበቂያ ገንዘብ እንንካው?

ጥያቄ፦ አዲሷ ሊቀመንበር

ሰላም ለሁላችሁ። የአብራሪዎች ክለብ የመራ ወይም የክለብ ሒሳብ የያዘ ሰው ምክር እፈልጋለሁ። ነገሩ ረዘም ይላል፤ ታግሣችሁ አንብቡልኝ።

አርባ አንድ አባላትና ሁለት አውሮፕላኖች ያሉት የአማተር አብራሪዎች ክለብ ሊቀመንበር ሆኜ ከተመረጥሁ አምስት ወር ሆነኝ። አንደኛው አውሮፕላን ባለ ሁለት መቀመጫው ሴስና 150 ነው፤ ተለማማጆቻችን የሚጀምሩት በእርሱ ነው። ሁለተኛው ባለ አራት መቀመጫው ሴስና 172 ነው። ከአውሮፕላኖቹ ማደሪያ ከሃንጋሩ ጎን፣ ፊቱን ወደ ማኮብኮቢያው ያዞረ፣ አንድ ሰፊ ክፍልና ሁለት ትንንሽ ክፍሎች ያሉት የክለብ ቤት አለን። ችግራችን የዚህ ቤት ጣሪያ ነው። ባለፈው የዝናብ ወቅት በሦስት ቦታ ማፍሰስ ጀመረ። አንደኛው ቦታ ልክ የአውሮፕላኖቹ መዝገብ ከሚቀመጥበት መደርደሪያ በላይ ነው። አንድ ጠዋት ቤቱን ስከፍት የሴስና 150ው መዝገብ ውኃ ጠጥቶ አብጦ አገኘሁት። ገጾቹ እርስ በርስ ተጣብቀዋል፤ በቀለም የተጻፈው ሁሉ ፈስሶ ደብዝዟል፤ ሳይነካ የቀረው በእርሳስ የተጻፈው ብቻ ነበር። አንድ በአንድ እየገለጥሁ በማራገቢያ ሳደርቅ ዋልሁ። የአውሮፕላን ታሪክ ያለው መዝገቡ ውስጥ ነውና፣ ያን ቀን እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

በሚቀጥለው የቦርድ ስብሰባ ሁለት ሐሳብ ቀረበ። አንዱ ወገን ከሞተር መጠባበቂያው፣ ማለትም ለሞተሩ እድሳት ከየበረራ ሰዓቱ ክፍያ ከምናጠራቅመው ገንዘብ፣ ወስደን ጣሪያውን እንቀይር ይላል። የሴስና 172ው ሞተር ከመጨረሻው ሙሉ እድሳት ወዲህ የሠራው 1,640 ሰዓት ነው። አምራቹ የሚመክረው የእድሳት ጊዜ 2,000 ሰዓት ነው። በዓመት 120 ሰዓት ያህል ስለምንበር ገና ሦስት ዓመት አለን፤ አሁን ወስደን ቀስ በቀስ እንተካዋለን ነው ክርክራቸው። ሌላው ወገን ደግሞ ቤቱን እንተወው ይላል። አውሮፕላን የሚያዘው በስልክ ነው፣ ክፍያውም በባንክ ነው፣ የአየር ሁኔታውም ስልክ ላይ ይታያል፤ ታዲያ ማንም ለማይቀመጥበት ክፍል ለምን እንከፍላለን?

እውነቱን ልናገር፣ ከመጀመሪያው ይልቅ ያመመኝ ይህ ሁለተኛው ነው። ተለማማጅ ሳለሁ ብቻዬን በበረርሁበት በአራተኛው ቀን፣ ለማረፍ ጋዝ ቀንሼ ስወርድ ሞተሩ ማንኮራፋትና መንቀጥቀጥ ጀመረ። ቀኑ ሞቃትና ወበቃማ ነበር። ማኮብኮቢያው ቅርብ ስለነበር በሰላም አረፍሁ። ለማንም ላለመናገር ወስኜ ቁልፉን ልመልስ ወደ ክለብ ቤቱ ገባሁ። ጥግ ላይ የተቀመጡ አንድ አዛውንት አሠልጣኝ ፊቴን አዩና «ምን ሆንሽ?» አሉኝ። ነገርኋቸው። ነዳጅና አየር በሚቀላቀሉበት ካርቡሬተር ውስጥ ነዳጅ ሲተንና አየር በጠባቡ ጉሮሮ ሲያልፍ ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ በላይ ሊወርድ እንደሚችል፣ ስለዚህም በሞቃት ቀን እንኳ አየሩ እርጥበት ካለው ውስጡ በረዶ እንደሚሠራ፣ ጋዝ ስቀንስ አስቀድሜ የካርቡሬተር ማሞቂያውን መክፈት እንዳለብኝ በወረቀት ጀርባ ላይ ሥዕል ስለው አስረዱኝ። ትምህርቱን በመጽሐፍ አንብቤው ነበር። የገባኝ ግን ያን ቀን፣ እዚያ ወንበር ላይ ነው። ቤቱ ባይኖር ኖሮ ቁልፉን ሳጥን ውስጥ ጥዬ ወደ ቤቴ እሄድ ነበር።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው። የሞተሩን ገንዘብ መንካት ምን ያስከትላል? ካልነካነው ጣሪያው በምን ይሠራል? ደግሞስ አባላት በርረው ብቻ እንዳይሄዱ፣ ቤቱ ውስጥ እንዲቀመጡ ያደረገ ክለብ ካለ እንዴት አደረገው?

መልስ፦ የቀድሞ ገንዘብ ያዥ

እህቴ፣ በአንድ ክለብ አሥራ አንድ ዓመት ገንዘብ ያዥ ነበርሁ። ያንን ገንዘብ አትንኩት። እኛ ነክተነው ያየነውን ስለማውቅ ነው እንዲህ ደፍሬ የምናገረው።

የሞተር መጠባበቂያ ሰዎች እንደሚያስቡት ቁጠባ አይደለም፤ ዕዳ ነው። 1,640 ሰዓት የተበረረው ሞተር 1,640 ሰዓት ተበልቷል። የበሉት አባላት ድርሻቸውን ከፍለው አስቀምጠዋል፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ዛሬ በክለቡ ውስጥ የሉም። ያ ገንዘብ ለጣሪያ ከወጣ፣ ነገ የሚመጡት አባላት የራሳቸውንም የቀደሙትንም ሰዓት ይከፍላሉ ማለት ነው። እኛ የሃንጋራችንን በርና ወለል በዚያ ገንዘብ አሠራን። በሩ ያማረ ነበር። በዓመቱ፣ ሞተሩ 1,700 ሰዓት ገደማ ሲሆን፣ መካኒኩ የዘይት ፊልትሮውን ቆርጦ ሲከፍት በወረቀቱ እጥፋት መካከል የሚያብረቀርቅ የብረት ብናኝ አገኘ፤ ሞተሩ ከውስጥ እየተበላ ነበር ማለት ነው። 2,000 ሰዓት የአምራቹ ምክር እንጂ የሞተሩ ቃል ኪዳን አይደለም። የእድሳቱ ገንዘብ በበሩ ላይ ስላለቀ አውሮፕላኑ ሰባት ወር ቆመ። የቆመ አውሮፕላን ገቢ አያመጣም፤ ኢንሹራንሱ ግን አይቆምም። መብረር የፈለገ ሰው ወደ ሌላ ክለብ ሄደ፤ ከሃምሳ አባላት ሃያ ዘጠኝ ቀረን። የቀረነውም የበለጠ መክፈል ነበረብን፤ እርሱ ደግሞ ሌሎችን አስወጣ። ያንን ዓመት አሁንም ሳስበው ይከብደኛል፤ ምክንያቱም የክፍያ ማዘዣው ላይ የፈረምሁት እኔ ነኝ።

ስለ ጣሪያው፦ እያንዳንዱን ወጪ «ዓመቱን ሙሉ ማንም ባይበር ይህ ወጪ ይኖራል?» ብላችሁ ጠይቁት። የሚኖር ከሆነ፣ ማለትም ቤቱ፣ የሃንጋሩ ኪራይ፣ ኢንሹራንሱ፣ ዓመታዊ ምርመራው፣ የሚከፈለው ከዓመታዊ የአባልነት መዋጮ ነው። የማይኖር ከሆነ፣ ማለትም ነዳጁ፣ ዘይቱ፣ ጎማው፣ የሞተሩ መጠባበቂያ፣ ከሰዓት ክፍያው ይሸፈናል። አብዛኛው የክለብ ችግር ይህ ድንበር ሲፈርስ የሚመጣ ነው። መዋጮውን ዝቅ አድርገው አባል ለመሳብ ይፈልጉና ቤቱን በበረራ ሰዓት ያኖሩታል፤ ዝናብ ሲበዛና በረራ ሲቀንስ ቤቱ ይራባል። ሒሳቡንም በባንክ ለሁለት ክፈሉት፤ የሞተሩ ገንዘብ ያለ ጠቅላላ ጉባኤ ውሳኔ እንዳይወጣ በመተዳደሪያ ደንባችሁ ጻፉ።

ለጣሪያው የአንድ ጊዜ መዋጮ ጠይቁ። አንዳንዱ አባል ለክለቡ ለማበደር ፈቃደኛ ይሆናል፤ በጽሑፍ ከሆነ ጥሩ ነው። የበረራ ሰዓት አስቀድማችሁ በቅናሽ ሽጣችሁ ገንዘብ ለመሰብሰብ ግን አትሞክሩ። ያም የሞተሩን ገንዘብ በሌላ በር መብላት ነው፤ ሰዎቹ ሰዓታቸውን ሊበሩ ሲመጡ ነዳጁን የምትገዙበት አይኖራችሁም። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ሰው መሰላል ላይ ይውጣ። ቆርቆሮው ነው የሚያፈሰው ወይስ ምስማሩ? ጣሪያ ይቀየር ብለው የሚከራከሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ ጣሪያውን አላዩትም።

አንድ ያልጠየቅሽውን ልጨምር፣ ምክንያቱም ከሒሳብ ሥራዬ ሁሉ የምኮራበት ይህ ነው። እናንተ ሰዓቱን የምታስከፍሉት በየትኛው ቆጣሪ ነው? እኛ ድሮ ሞተሩ ከተነሣ እስኪጠፋ በሚቆጥረው ሰዓት ነበር የምናስከፍለው። አንድ ቀን በክለብ ቤቱ መስኮት ቆሜ አባላት ሲነሡ እመለከት ነበር። ሞተር አስነሥተው በፍጥነት ወደ ማኮብኮቢያው ይነዳሉ፤ የመነሻ ፍተሻውንም በጥድፊያ ይጨርሱታል። ለሻማዎቹ እሳት የሚሰጡትን ሁለቱን ማግኔቶ ለየብቻ መፈተሽ፣ የካርቡሬተሩን ማሞቂያ ከፍቶ የሞተሩን ዙር ማየት፣ ዘይቱ እስኪሞቅ መጠበቅ፣ ይህ ሁሉ የሚጠይቀው ጥቂት ደቂቃ ነው። እኛ ግን እያንዳንዷን ደቂቃ እያስከፈልን ሰዎቹን እናስቸኩላቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ክፍያውን በሞተሩ ዙር መለኪያ ላይ ባለው ቆጣሪ አደረግነው። እርሱ ሙሉ አንድ ሰዓት የሚቆጥረው ሞተሩ በመደበኛው የጉዞ ዙር አንድ ሰዓት ሲሠራ ነው፤ ዙሩ ዝቅ ሲል ቀስ ብሎ ይቆጥራል። ገቢው እንዳይጎድል የሰዓቱን ዋጋ በመጠኑ ከፍ አደረግን። አባላት በዓመቱ መጨረሻ የከፈሉት ያው ነው፤ ነገር ግን መሬት ላይ መጠበቅ ርካሽ ሆነ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከመስኮቱ ልዩነቱ ይታየኝ ነበር።

መልስ፦ የትንንሽ አውሮፕላን መካኒክ

ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ «ገና ሦስት ዓመት አለን» በሚለው ሒሳብ ግን አልስማማም። ሰዓቱን ነገሩን፤ ቀኑን አልነገሩንም። በሴስና 172 ላይ በብዛት ለሚገኙት የላይካሚንግ ሞተሮች የአምራቹ ምክር 2,000 ሰዓት ወይም 12 ዓመት ነው፤ ቀድሞ የደረሰው ይሠራል። መዝገቡን ይክፈቱና ሞተሩ መቼ እንደታደሰ ይመልከቱ።

ሁለተኛ፣ 120 ሰዓቱ በዓመቱ ውስጥ እንዴት ነው የተከፋፈለው? በየሳምንቱ ሁለት ሰዓት ከሩብ ያህል የሚበር ሞተርና አራት ወር ቆሞ ከዚያ በየቀኑ የሚበር ሞተር በወረቀት ላይ እኩል ናቸው፤ ስከፍታቸው ግን አይመሳሰሉም። በእነዚህ ሞተሮች ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ፣ ካምሻፍቱ፣ ያለው ፕሮፔለሩን ከሚያዞረው ዋና ዘንግ፣ ከኮሎው፣ በላይ ነው። ሞተሩ ሲቆም ዘይቱ ከላይ ወርዶ ያልቃል፤ ብረቱ ራቁቱን ይቀራል፤ እርጥበት ያገኘዋል፤ ዝገት ይጀምራል። በሚቀጥለው መነሣት ያ ዝገት ይፋቃል። በጣቴ የዳሰስሁት ካምሻፍት ነበር፤ ጫፉ ለስላሳ መሆን ሲገባው እንደ አሸዋ ወረቀት ይሻክር ነበር። ያ ሞተር ከታደሰ የሠራው 700 ሰዓት ብቻ ነው።

ደግሞም አንዳንድ ክለቦች ለቆመው ሞተር አዝነው በየሳምንቱ መሬት ላይ አሥር ደቂቃ ያስነሡታል። እባካችሁ ተዉት። ዘይቱ ውስጥ የገባው ውኃ እንዲተን የዘይቱ ሙቀት በበረራ ቢያንስ 74 ዲግሪ ገደማ መድረስና እዚያ መቆየት አለበት። መሬት ላይ የሚደረገው ማስነሣት ተጨማሪ እርጥበት ከመፍጠር ያለፈ ጥቅም የለውም። ዘይቱንም ፊልትሮ ባለው ሞተር በ50 ሰዓት ወይም በአራት ወር ቀይሩ፤ እንደገና ቀድሞ የደረሰው።

ስለዚህ ጠያቂዋ፣ አባላትን ወደ ቤቱ መሳብ ያሉት የሞተርም ጥያቄ ነው። ቤቱ ውስጥ ሰው ካለ፣ አውሮፕላኑ ለአሥር ቀን እንደቆመ የሚያይ ሰው አለ፤ ሁለት ሰዎች ተነጋግረው አብረው ይበራሉ። ሰው በሌለበት ክለብ አውሮፕላኑ የሚያገኘው ጎብኚ ወፍ ነው። በሞተር ክዳን ሥር ወፍ በግማሽ ቀን የሚሞላውን ገለባ ብታዩ አታምኑም። የፍጥነት መለኪያውን የአየር ቱቦ መሸፈኛም እንዲሁ ማድረግ አትርሱ፤ ነፍሳት ይገቡበታል።

ሌላው ነጥብ መዝገቡን ይመለከታል። የነዳጁን መጠን በምን ትጽፋላችሁ? በአንድ ክለብ መዝገብ ላይ አንዱ በሊትር፣ አንዱ በጋሎን፣ አንዱ ደግሞ «ግማሽ» ብሎ ጽፎ አይቻለሁ። እ.ኤ.አ. በ1983 በካናዳ ሰማይ ላይ አንድ ቦይንግ 767 በ41,000 ጫማ ከፍታ ነዳጅ የጨረሰው በዚህ ዓይነት ስሕተት ነው። የነዳጅ መለኪያዎቹ ስላልሠሩ በዘንግ ለኩት፤ ከዚያ ሊትሩን ወደ ኪሎ ሲለውጡ በ0.8 ማባዛት ሲገባቸው ለፓውንድ በሚሆነው በ1.77 አባዙት። አብራሪዎቹ ሞተር አልባውን አውሮፕላን በቀድሞ የጦር አየር ማረፊያ አሳረፉት፤ ሰውም አልሞተም። እነዚያ ባለሙያዎች ናቸው። የቅዳሜ አብራሪ ደግሞ በዘንግ ለክቶ፣ በአንድ መለኪያ ጽፎ፣ ቀጣዩ ሰው የሚያነብበት ደረቅ መደርደሪያ ያስፈልገዋል።

መልስ፦ የሁለት ዓመት አባል

እኔ ቁልፍ አንሥተው፣ በርረው፣ ከሚሄዱት ወገን ነኝ፤ ስለዚህ ስለ ሦስተኛው ጥያቄዎ አንድ ነገር ልናገር፣ ቅር እንዳይልዎት። እኛ ቤቱን የማንወደው ስልክ ስላለን አይደለም። ፈቃዴን ካገኘሁ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ቅዳሜ ወደ ክለባችን ቤት ገብቼ ነበር። ስድስት ሰዎች በመስኮቱ ዙሪያ ተቀምጠው ያወሩ ነበር። ሰላም አልሁ፤ መለሱልኝ፤ ከዚያ ወሬያቸውን ቀጠሉ። ወንበር የለም ነበር። ጥቂት ቆሜ ወጣሁ፤ ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ አልገባሁም።

እርስዎ የነገሩን አዛውንት ፊትዎን አይተው ጠየቁ። ቤቱን ቤት ያደረገው ያ ነው። የእርስዎ ክለብ ጣሪያውን ሲያድስ፣ አዲስ አባል ሲገባ ስሙን የሚጠይቅ፣ መስኮቱ ጋ የሚያስቀምጥ ሰው በየቅዳሜው በተራ ይመደብ። በእኛ ክለብ ይህን የጀመሩት ሁለት ሴት አባላት ናቸው፤ እኔም የተመለስሁት በእነርሱ ነው።

መልስ፦ የቀድሞ ገንዘብ ያዥ

ልጄ፣ ያልኸው እውነት ነው፤ በመስኮቱ ዙሪያ ከሚቀመጡት አንዱ እንደ እኔ ያለ ሰው እንደሚሆን አውቃለሁ። ጠያቂዋ ይህን ከእኔ ምክር ሁሉ አስቀድሚው። የመጀመሪያዎቹ የበረራ ክለቦች የጨዋታ ማኅበር ብቻ አልነበሩም። የፈረንሳይ አየር ክለብ እ.ኤ.አ. በ1898 ሲመሠረት ሞተር ያለው አውሮፕላን ገና አልበረረም። ቆይቶ የአብራሪነት ምስክር ወረቀት የሚሰጠው ክለቡ ነበር፤ ቁጥር 1 የተሰጠው ለፈረንሳዊው አብራሪ ለሉዊ ብሌርዮ ነው። ማን መብረር እንደሚችል የሚመሰክሩት አብረውት የቆሙ አብራሪዎች ነበሩ። ዛሬ ፈቃዱን መንግሥት ይሰጣል፤ እርስ በርስ መተያየቱ ግን አሁንም የእኛው ሥራ ነው።

ጠያቂዋ፦ ከስድስት ሳምንት በኋላ

የሁላችሁንም ምክር ይዤ ሄጄ ነበር፤ የሆነውን መንገር ይገባኛል።

መሰላሉ ላይ የወጣሁት እኔው ነኝ፤ አንድ የቦርድ አባል ከታች ይዞልኝ። ቆርቆሮው ከአንዱ በቀር ደህና ነው። ምስማሮቹ ሥር ያሉት ጎማዎች ግን በፀሐይ ደርቀው ተሰነጣጥቀዋል፤ በጣት ስነካቸው ይፈረፈራሉ። አሸንዳው ደግሞ ከዳር እስከ ዳር በገለባ ተሞልቶ ነበር፤ ውኃው መሄጃ ሲያጣ ወደ ውስጥ ተመልሶ ነው መደርደሪያው ላይ የወረደው። በሁለት ቅዳሜ አሥራ አራት አባላት ሆነን ምስማሩን ሁሉ ቀየርን፣ አንዱን ቆርቆሮ ለወጥን፣ አሸንዳውን ጠርገን ወንፊት አደረግንበት። ወጪው በአንድ ጊዜ መዋጮ ተሸፈነ። ያን ከሠሩት አሥራ አራቱ አምስቱን በስም እንጂ በመልክ አላውቃቸውም ነበር።

የሞተሩን መዝገብም ከፈትሁ። ከታደሰ አሥር ዓመት ከአራት ወር ሆኖታል! ሦስት ዓመት ያልነው ሁለት ዓመት እንኳ አይሞላም ማለት ነው። ይህንን ለቦርዱ ሳነብብ ገንዘቡን እናውጣ ሲሉ የነበሩት ሰው ራሳቸው ተነሥተው፣ መጠባበቂያው በተለየ የባንክ ሒሳብ እንዲቀመጥ ሐሳብ አቀረቡ፤ በቃለ ጉባኤ ጸደቀ። የክፍያ ቆጣሪውን ጉዳይ ለጠቅላላ ጉባኤ አቅርበነዋል።

ቁልፎቹን ከበሩ ሳጥን አንሥተን በውስጠኛው ክፍል፣ ከመዝገቡ ጎን ሰቀልናቸው፤ ስለዚህ የሚበር ሁሉ በትልቁ ክፍል ያልፋል። የቅዳሜ ተረኛም መድበናል። ከመዝገቡ አጠገብ ባዶ ደብተርና በክር የታሰረ እርሳስ አኑሬአለሁ። የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳ እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ የሚያስተዳድረው፣ አብራሪዎች ስሕተታቸውን ራሳቸው የሚያሳውቁበት ሥርዓት እንዳለ አነብ ነበርና፣ ሐሳቡን ከዚያ ወሰድሁ፦ የደረሰብህን ጻፍ፣ ስም አይጠየቅም፣ በተጻፈው ማንም አይቀጣም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ገጹ ነጭ ሆኖ ቆየ።

ባለፈው ቅዳሜ እኚያ የካርቡሬተሩን ሥዕል የሳሉልኝ አሠልጣኝ መጡ። አሁን አይበሩም። ደብተሩን አነሡ፣ መነጽራቸውን አስተካከሉ፣ እርሳሱን ይዘው ብዙ ጻፉ፣ ከሥሩም ሙሉ ስማቸውን አኖሩ። ከብዙ ዓመት በፊት የአንዱን ታንክ ክዳን ሳይዘጉ እንደተነሡና ነዳጁ በክንፉ ላይ ሲፈስ ያሳያቸው አብሯቸው የነበረው ተለማማጅ እንደሆነ ነው የጻፉት። ሁለት ወጣት አባላት ከኋላቸው ቆመው አነበቡ። እርሳቸው ሄደው ወንበራቸው ላይ ሲቀመጡ አንደኛው ጥቂት አመነታና እርሳሱን አነሣ።